የበረኛው ፎቶግራፍ የት አለ?

ፎቶግራፍ ማንሣት በዛሬው ዘመን የማንም ሰው ሥራ ሆኗል። በየኪሳችን ስልክ አለ፤ በየስልኩ ካሜራ አለ፤ ጣት ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ነኝ ቢል የሚከለክለው የለም። ይህን የሚሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃቸው። አምና በትምህርት ቤታችን ሜዳ ከተደረጉት የክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ጨዋታዎች፣ ጥርት ብሎ የወጣ፣ ፊቱ የሚለይ፣ ኳሱም አብሮ ያለበት የአንድ በረኛ ፎቶግራፍ በእጁ ያለው ማን ነው? እኔ የለኝም። የሌለኝም ካሜራ አጥቼ አይደለም፤ ካሜራ በአንገቴ አንጠልጥዬ ከሜዳው ዳር ቆሜ ሳለሁ ነው። ይህን አስተያየት ለመጽሔታችን የምጽፈው ጥፋቴን ለመናዘዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከእኔ በኋላ ካሜራ የሚያነሡ ታናናሾቼ ያንኑ ጥፋት እንዳይደግሙት ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በሚያዝያ ወር የእኛ የ11ኛ ክፍልና የ12ኛ ክፍል ቡድኖች ለዋንጫ ደረሱ። እኔም ሠርግ በማንሣት ከሚተዳደሩት አጎቴ ዘንድ ሄጄ ካሜራቸውን እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ ሠርግና ኳስ አንድ አይደሉም፤ ሙሽራ ቁሚ ስትላት ትቆማለች፣ ኳስ ግን ቁም ብትለው አይሰማህም። አስቀድመህ ጠይቀኝና ላሳይህ» አሉኝ። እኔ ግን ቸኩዬ ነበርና ካሜራውን ይዤ ምክሩን ከቤታቸው ትቼ ወጣሁ።

ጨዋታው የተጀመረው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ነበር። ከተመልካቹ ጋር በሜዳው አጋማሽ ቆሜ ኳሱ በሄደበት ሁሉ ካሜራዬን እያዞርሁ 214 ጊዜ አነሣሁ። ጨዋታው አንድ ለአንድ ተፈጽሞ በፍጹም ቅጣት ምት እንዲለይ ሆነ። የእኛ በረኛ ሁለት ኳስ አዳነ፤ ሁለተኛውን ወደ ግራው ተወርውሮ በጣቶቹ ጫፍ ሲያወጣው ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እኛም ዋንጫውን ወሰድን። እኔ ግን ያን ጊዜ ፊቴን ወደሚጨፍሩት አጥቂዎች አዙሬ ነበር።

ክረምት ሲገባ የዚያ በረኛ ቤተ ሰዎች ይኖሩበት የነበረው ቤት ለልማት ተነሣና ወደ ኮዬ ፈጬ ሊዛወሩ ሆነ። ሊሰናበተኝ ወደ ቤታችን መጣ። ሻይ ጠጥተን ሊሄድ ሲነሣ፣ «ያን ቀን ካነሣኸው ውስጥ አንዲት የእኔ ትኖር ይሆን? እናቴ ሥራ ላይ ስለ ነበረች ጨዋታውን አላየችም፤ ላሳያት ብዬ ነው» አለኝ። 214ቱን ሁሉ አገላብጠን አየን። እርሱ ያለባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። በአንዱ ጀርባው ይታያል። በሁለተኛው ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በሦስተኛው ሰው ይሁን ጭስ የማይለይ ነገር በአየር ላይ ተዘርግቷል። «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ብሎኝ ሄደ። ቢቈጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስለው ጥፋቴ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። አንደኛው የእጅ ጥፋት ነው፤ ካሜራውን አላወቅሁትም። ሁለተኛው የልብ ጥፋት ነው፤ በረኛውን ለማንሣት አላሰብሁም። የእጅ ጥፋት በጥቂት ቁጥር ይታረማልና ከእርሱ ልጀምር።

መጀመሪያ ስለ መዝጊያው። ሻተር የሚባለው በካሜራው ውስጥ ያለው መዝጊያ ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ያለው ጊዜ፣ ሥዕሉ የሚሣልበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ተስቦ ይወጣል። ይህንንም በሒሳብ እንመርምረው። አንድ ሯጭ ተማሪ በሰከንድ 7 ሜትር ይሄዳል እንበል። መዝጊያው ለሰከንድ 60ኛ እጅ ቢከፈት ልጁ በዚያች ቅጽበት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አፍንጫው ከጆሮው ቦታ ደረሰ ማለት ነው። ለሰከንድ 1000ኛ እጅ ቢከፈት ግን የሚጓዘው 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኃይል የተመታ ኳስ በሰከንድ 25 ሜትር ቢበር፣ በ60ኛው እጅ 42 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ማለት የራሱን ስፋት እጥፍ ያህል ይሳባል፤ በ1000ኛው እጅ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የእኔ ካሜራ መዝጊያ ከአጎቴ የሠርግ አዳራሽ እንደ መጣ በ60ኛው እጅ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔም አልነካሁትም። በአየር ላይ የተዘረጋው ጭስ ምስጢሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ለእግር ኳስ መዝጊያውን ከሰከንድ 1000ኛ እጅ ላይ አድርጉ፤ ብርሃን ቢያንስ እንኳ ከ500ኛው እጅ አትውረዱ።

መዝጊያው ሲፈጥን የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ብርሃኑን የሚያካክሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ ነው፤ ኤፍ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሁለተኛው አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። በጠራ ፀሐይ አይ.ኤስ.ኦ. 400፣ ቀዳዳው ኤፍ 8 ቢሆን መዝጊያው እስከ 1600ኛ እጅ ድረስ ሊፈጥን ይችላል። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ደግሞ ኤፍ 5.6 እና አይ.ኤስ.ኦ. 800 ቢደረግ 800ኛው እጅ ይገኛል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ከተጫዋቹ ጀርባ ያለው ነገር ይደበዝዛልና፣ አጥሩና የተሰጣው ልብስ ከሰውየው ጋር አይጣላም። በእኛ ሜዳ ግን አንድ ችግር አለ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የፎቁ ጥላ ግማሹን ሜዳ ይሸፍነዋል። ኳሱ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲመላለስ ቁጥር ለመለዋወጥ ጊዜ የለም። ስለዚህ መዝጊያውን በ1000ኛው እጅ አጽንታችሁ፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ፣ ነገር ግን ከ3200 እንዳያልፍ አድርጋችሁ ተዉት። ይህ ሁሉ ዳኛው ፊሽካውን ሳይነፋ መሰናዳት አለበት። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥራቱ ነው። ካሜራው አንድ ጊዜ አነጣጥሮ የሚቆምበት ስልት ለቆመ ሰው ነው። ለሚሮጥ ሰው ያለማቋረጥ እየተከተለ የሚያነጣጥረው ስልት አለ፤ በካኖን አይ ሰርቮ፣ በኒኮንና በሶኒ ኤ.ኤፍ.ሲ. ይባላል። መጫኛውን በግማሽ ተጭናችሁ ተጫዋቹን በደረቱ ላይ እያነጣጠራችሁ ተከተሉት፤ ኳሱ እግሩ ዘንድ ሳይደርስ ጥቂት ቀድማችሁ ሦስት አራት ጊዜ አከታትላችሁ አንሡ። ኳሱ ተመትቶ ካያችሁት በኋላ ብትጫኑ ዘግይታችኋል። ደግሞ ጣታችሁን ከመጫኛው ላይ ሳታነሡ እስከ መጨረሻው አትተኩሱ። 214 ፎቶግራፍ አንሥቶ አንድ ማጣት እንደሚቻል እኔ ምስክር ነኝ።

ስለ ብርሃን ደግሞ ለእኛ አገር የሚሆን ምክር ለብቻው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነውና ፀሐይ ያገኘችውና ጥላ ያረፈበት ነገር በጣም ይለያያሉ። ከዚህም በላይ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምንገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ ፀሐይ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ያን ጊዜ ቅንድብ ለዓይን ጃንጥላ ይሆንበታል፤ ፊት ሁሉ ጕድጓድ ይመስላል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንሡ። ምርጫ ከሌላችሁና ጨዋታው በቀትር ከሆነ አንድ ብልሃት አለ፤ ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ጠብቁ። ተጫዋቹ በግምባሩ ሊመታው ቀና ሲል ፀሐይዋ ፊቱን ታበራዋለች። በረኛም ከፍ ያለ ኳስ ሊይዝ ሲዘል እንዲሁ ነው።

ካሜራ ብርሃንን የሚለካው በአማካይ መሆኑንም አትርሱ። ከተጫዋቹ ጀርባ ብሩህ ሰማይ ካለ ካሜራው በሰማዩ ብርሃን ተታሎ ሥዕሉን ያጠቁረዋል፤ የእኛ የጠይምና የጥቁር ሰዎች ፊትም ያን ጊዜ ይጠፋል። የዚህ ዓይነቱ ነገር ታሪክም አለው፤ በፊልም ዘመን በአሜሪካ የቀለም ፎቶግራፍ ሲታተም ቀለሙ ይስተካከል የነበረው በነጭ ሴቶች ሥዕል ነበርና፣ የጥቁር ሰው ፊት ብዙ ጊዜ መልኩን ያጣ ነበር። መሣሪያው ማንን ማየት እንዳለበት አያውቅም፤ የሚነግረው ባለቤቱ ነው። መደመሪያና መቀነሻ ምልክት ያለበትን ማስተካከያ ፈልጋችሁ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ጨምሩ። ነጭ ማልያ ለብሰው ከሆነ ግን የማልያው መልክ እንዳይጠፋ ከ0.3 አትለፉ። ከሁሉም በላይ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ ወይም ከጐናችሁ አድርጉ።

የመቆሚያ ቦታ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሜዳው አጋማሽ የቆመ ሰው ሁሉንም ያያል፤ ማንንም ግን በቅርብ አያይም። አጥቂዎች ፊት ለፊት እንዲመጡላችሁ ብትፈልጉ፣ ከጎሉ ቋሚና ከማዕዘኑ መካከል፣ ከመስመሩ ጥቂት ራቅ ብላችሁ ተንበርከኩ። መንበርከክ ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ተጫዋቹ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ከኋላችሁ ያለውም ተመልካች አይከለከልም። በረኛውን በጀርባው ሳይሆን በፊቱ ለማየት ብትፈልጉ ግን በረጅሙ መስመር በኩል፣ ከቅጣት ክልሉ ጠርዝ ትይዩ ሁኑ። ቅጣት ምት ከጎሉ 11 ሜትር ርቆ የሚመታ ነውና፣ ከዚያ ቦታ መቺውም በረኛውም ይታያሉ። ዳኛውን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የመስመር ዳኛው የሚሮጥበትን መንገድ አትዝጉ፤ የካሜራውን ብልጭታም በተጫዋች ዓይን ላይ አታብሩ።

«እኔ ስልክ እንጂ ካሜራ የለኝም» የሚል ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ተስፋ አይቍረጥ። በስልክ ሩቁን በጣት እየለጠጡ ማቅረብ ሥዕሉን ከማደብዘዝ በቀር ጥቅም የለውም፤ በእግር መቅረብ ይሻላል። በደማቅ ፀሐይ የስልክ መዝጊያ ራሱ ይፈጥናልና ቀኑን ምረጡ። በተጫዋቹ ላይ በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን አስተካክሉ፤ አከታትሎ የሚያነሣውን ስልትም ፈልጋችሁ ልመዱ። ትልቅ ሌንስ ያላወቀውን ሰው አያሳውቀውም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባላልና፣ መሣሪያ ከመመኘት በፊት በየቅዳሜው በአብነት መንገዶች ዳር ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገው የሚጫወቱትን ልጆች አንሥቶ እጅን ማሠልጠን ይገባል።

እንግዲህ የእጅ ጥፋት በዚህ ይታረማል። የልብ ጥፋት ግን በቁጥር አይታረምም። ያን ቀን መዝጊያዬ በ1000ኛው እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ ጥርት ያለ የአጥቂዎች ፎቶግራፍ አገኝ ነበር እንጂ የጓደኛዬን አላገኝም ነበር። ምክንያቱም ጨዋታ ማለት ጎል፣ ጀግናም ማለት ጎል ያገባ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ስታዲዮም በሚባለው ሜዳ፣ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ሁለት ጊዜ ስትመራ አቻ ሆና፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ጎል አገቡ። አምበሉ ሉቻኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል የሚያሳየው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ድረስ በየጊዜው ይታተማል። በክፍላችን የዚያን ዘመን ጀግኖች እነማን ናቸው ብዬ ብጠይቅ፣ መንግሥቱ ወርቁን የጠሩ ብዙ ናቸው፤ ሉቻኖንም የጠሩ አሉ። በረኛው ማን ነበር ብዬ ስጠይቅ ግን ሁሉም ዝም አለ። በረኛው ጊላሚካኤል ነበር። የእርሱ እጆች ባይኖሩ ያ ዋንጫ አይኖርም ነበር። ስሙን ለመርሳታችን አንዱ ምክንያት ፊቱን አዘውትረን አለማየታችን ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ያየውን ፊት ያስታውሳል፤ ያላየውን ይረሳል።

አንዳንዶች «ተመልካች የሚወደው ጎልን ነው፤ በረኛና ተከላካይ ቢነሡ ማን ያያቸዋል?» ይሉኝ ይሆናል። እናቱ ታየዋለች እላቸዋለሁ። ታናሽ ወንድሙ ያየዋል። እርሱም ራሱ ሸምግሎ ያየዋል። ለጋዜጣ የሚሠራ ፎቶ አንሺ አንባቢው የሚፈልገውን ጎል ሊያቀርብ ግዴታ አለበት፤ የትምህርት ቤት ፎቶ አንሺ ግን የሚያገለግለው ጓደኞቹን ነው። በሜዳው ላይ 22 ልጆች አሉ፤ ሃያ ሁለቱም የሰው ልጆች ናቸው። ሌሎች ደግሞ «ትዝታ በልብ ነው፤ ፎቶግራፍ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህም ለነበረ ሰው እውነት ነው፤ ላልነበረ ሰው ግን የሌላውን ልብ ከፍቶ ማየት አይቻልም።

ለእኛ ለአብነት ልጆች ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በልደታ ክፍለ ከተማ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው በቦታቸው ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ቆሟል። ቤት መሠራቱ መልካም ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን አብረው ኳስ የተጫወቱ ልጆች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ይበተናሉ፤ የተጫወቱበትም ሜዳ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ሜዳው ሲጠፋ፣ ልጆቹም ሲበተኑ፣ አብረው እንደ ነበሩ የሚመሰክር አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ባይኖር ትልቅ ጕዳት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየጨዋታው ፎቶ የሚያነሡ ተማሪዎች ሥራ ይከፋፈሉ፤ አንዱ አጥቂዎችን ቢከተል ሌላው በረኞችንና ተከላካዮችን ይከተል፤ የተሸነፈውም ቡድን አይረሳ። ሁለተኛ፣ ጨዋታው እንዳለቀ በዚያው ቀን የእያንዳንዱ ልጅ ሙሉ ስም፣ ክፍሉ፣ ቀኑና ውጤቱ ይጻፍ፤ ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከ20 ዓመት በኋላ የማይታወቅ ሰው ፎቶግራፍ ነው። ሦስተኛ፣ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም፤ ስለዚህ በየዓመቱ ከተነሡት መካከል ጥቂቶቹን መርጠን አሳጥበን በአልበም አድርገን በቤተ መጻሕፍታችን እናስቀምጥ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዳችን የአንድ ሻይ ዋጋ ብናዋጣ ይበቃል።

እኔ ከዚያ ወዲህ አጎቴን ይቅርታ ጠይቄ፣ በየእሑዱ እየተቀመጥሁ ካሜራውን አስተምረውኛል። ዘንድሮ በተደረጉት ጨዋታዎች የስምንት ቡድን በረኞችን ሁሉ አንሥቻለሁ፤ ስማቸውንም ጽፌያለሁ። የጓደኛዬ ቅጣት ምት ግን ተመልሶ አይመታም፤ ለእናቱም የማሳያት ነገር የለኝም።

አብነት ማለት ምሳሌ ማለት ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር ልጆች ነንና ለሌሎች ትምህርት ቤቶች በዚህ ነገር ምሳሌ ብንሆን ያምርብናል። በሚመጣው ዓመት ለዋንጫው ጨዋታ ካሜራ ይዛችሁ የምትመጡ ታናናሾቼ ሆይ፣ መዝጊያውን በ1000ኛው እጅ ላይ አድርጉ፤ ፀሐይዋን ከኋላችሁ አድርጉ፤ ከዚያም ፊሽካው ሳይነፋ ወደ በረኛው ሄዳችሁ ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ።